ጠርዙ የጠቆረ መጽሐፍ

«የሞባይል መተግበሪያ መሥራት ልማር ነበር፤ ለጀማሪ የትኛው መጽሐፍ ይሻላል?» ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው በሳምንት ከሦስት አያንስም። ሥራዬ ስለሆነ ይጠይቁኛል፤ መጠየቃቸው አያናድደኝም። የሚያናድደኝ መልሱን ይዘው መምጣታቸው ነው። «አዲሱን ልግዛ አይደል?» ይላሉ። «ዘጠኝ መቶ ገጽ ያለው አግኝቻለሁ፤ ያልያዘው ነገር የለም» ይላሉ። ያልያዘው ነገር የሌለ መጽሐፍ ለጀማሪ ምን ያደርግለታል? ዋና ለማያውቅ ሰው ጣናን በሙሉ ብትሰጡት ይሰጥማል እንጂ ይዋኛል? ይህን ስመልስላቸው «እንዴ ጸሎት! መጽሐፍ ስለጠየቅንሽ ነው ይሄ ሁሉ ቁጣ?» ይሉኛል። አዎ፣ ለዚያው ነው። አንድ ክረምት ባሕር ዳር ላይ በአንድ መጽሐፍ ምርጫ የሆነውን ቢያውቁ እነሱም ይቆጡ ነበር፤ መጀመሪያ በእኔ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አምስት ነው፤ እኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ። አባቴ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ከሐይቁ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምሩ ነበር። ቤታችን ከአጥሯ ጀርባ ነው፤ በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ለመደማመጥ መጮህ ነበረብን። እህቴ ውዴ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ዐሥረኛ ክፍል ተፈትና ነጥብ ስላልመጣላት አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። የምትፈልገውን ግን ታውቅ ነበር። «ስልክ ላይ ያለውን ነገር የሚሠራው ሰው አይደለም እንዴ? ሰው ከሠራው እኔስ ምን ይዞኝ?» ትላለች። እታለም ነበር የምላት፤ ያለችውን ሁሉ አምናለሁ።

በሰኔ መጨረሻ የኔታ ኃይለ ገብርኤል ከጎርጎራ በጀልባ መጡ። የአባቴ መምህር ናቸው። ሠላሳ ተማሪ በአንድ ቁጣ ጸጥ የሚያሰኙት አባቴ፣ በገዛ ቤታቸው «ተቀመጥ» እስኪባሉ ድረስ ቆመው ሲጠብቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ።

«ጥዑመ ልሳንን ታውቀዋለህ፤ ዲያቆኑን» አሉ የኔታ። «ቅዳሴውን ጨርሷል፤ ድምፁም መልካም ነው። ሳያገባ ግን አይቀስስም። ያንተን ልጅ አስቤለታለሁ።»

አባቴ እጃቸውን እያፍተለተሉ «የኔታ፣ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ይታገሡኝ» አሉ።

እንግዳው ሲወጡ እናቴ ሸጊቱ ድምጿን መቀነስ አልቻለችም። «ለምን እንቢ አይሏቸውም? ልጅቱ አልፈልግም እያለች!»

«የኔታን? ከመራዊ ባዶ እግሬን ሄጄ እየለመንሁ ስማር ያስጠጉኝን? በባዶ እጄ እንቢ አልላቸውም፣ ሸጊቱ። የማሳያቸው ነገር ያስፈልገኛል።»

ይህን ሰምቼ የደመደምሁት አንድ ነገር ነው፦ አባባ ውዴ ለምንም እንደማትሆን የሚያሳይ ነገር ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ለዲያቆኑ ይሰጧታል። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና የምትደመድመውን የሚያህል የተጣራ ድምዳሜ የትም የለም።

በማግሥቱ አባቴ ውዴን ጠሯት።

«ያ የስልክ ነገርሽ» አሉ። «ከሥላሴ እስከ ፍልሰታ አርባ ቀን አለሽ። ባሕረ ሐሳብን ስልክ ላይ አስቀምጪልኝ። እኔ ዓመቱን ስነግረው እሱ ጾመ ነነዌ በስንት ቀን እንደምትገባ ይንገረኝ። ይህን ካሳየሽኝ የኔታን እኔ እመልሳቸዋለሁ። ካላሳየሽኝ የምለው የለኝም።»

ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን ቁጥር ነው። ሽበት ያወጡ ቀሳውስት ሲሳሳቱበት፣ አባቴም ሲያርሟቸው ሰምቻለሁ። ስለዚህ «ሆን ብለው የማይቻል ነገር ሰጧት» አልሁ በሆዴ። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ውዴ ባሕረ ሐሳብን ከዐሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ በጣቷ ትቆጥር ነበር። አባቴ ለተማሪዎቻቸው ሲያስቆጥሩ እሷ ማጀት ሆና ይዛዋለች፤ ዓመተ ዓለሙን ለዐሥራ ዘጠኝ ገድፋ፣ ወንበሩን አውጥታ፣ ጾም የሚወጣባቸውን ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዑን፣ ሽንኩርት እየላጠች ትነግራችሁ ነበር። አባቴ የሰጧት የምታውቀውን ነው፤ አዲስ የምትማረው አንድ ነገር ብቻ እንዲሆን። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሥራ የሰጠ መምህር እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ብዙ መምህር ግን አይቻለሁ።

የቀረው መጽሐፍ መምረጥ ነበር። በእኛ ቤት ተማሪ መጽሐፍ አይመርጥም፤ መምህር ነው የሚመርጥለት። ፊደል፣ ንባብ፣ ዳዊት እያለ በተባለው ይሄዳል፤ «ይህን ትቼ ያን ልያዝ» የሚል በትር ይቀምሳል፤ «ለምን ይሄን ሰጡኝ?» ብሎ መጠየቅማ አይታሰብም። ስለዚህ እንግሊዝኛ አንዲት ፊደል የማያነቡት አባቴ የፕሮግራም መጽሐፍ ሊመርጡ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ውዴና እኔ ከኋላ ተከተልናቸው።

በሐይቁ መንገድ ዳር፣ ከዛፍ ሥር ላስቲክ ወጥሮ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው ነበር። ከክምሩ ሥር ጀርባዋ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ሁለት መቶ ገጽ የማትሞላ መጽሐፍ አወጣ። ውዴ እዚያው ቆማ ሦስት ገጽ አነበበችና ሳቀች። አባቴ አዩዋት። እኔም አየኋት፤ በመጽሐፏ መናኛነት የሳቀች መሰለኝ።

ከዚያ ግሩም ዘንድ ሄድን። ግሩም የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የከፈተ ጎረምሳ ነው፤ ጸጉሩ በቅባት ቆሟል፣ የጆሮ ማዳመጫው ከአንገቱ አይወርድም። ያኔ ለእኔ የእውቀት ጫፍ እሱ ነበር። ጥቁር ልባስ ያለው እንደ ጡብ የወፈረ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«አባቴ፣ ይሄ ነው። የዘንድሮ ነው፤ ያልነካው ነገር የለም። ይሄን የጨረሰ ሰው ማን ይችለዋል!»

«አንተ ጨርሰኸዋል?» አሉ አባቴ።

«እኔ? እኔማ... ሲቸግረኝ ገለጥ እያደረግሁ ነው የማየው።» ከዚያ በውዴ እጅ ያለችውን ትንሽ መጽሐፍ አየ። «ኧረ ሲስተር! ይቺ'ኮ ሞታለች።»

«መጽሐፍ ይሞታል?»

«ቴክኖሎጂ ነዋ አባቴ! ሦስት ዓመት ካለፈው በቃ ፋራ ነው። በዚች ከጀመረች አለቀላት።»

«የእኛ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል» አሉ አባቴ። «እስካሁን አልቀበርነውም።»

ግሩም ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ደግሞ አፈርሁ፤ ያፈርሁት በአባቴ ነው። ሊታፈርበት የሚገባው አንብቦ ያልጨረሰውን መጽሐፍ ለሰው የሚያዝዘው ግሩም ነበር፤ የእሱ ዓይነቶቹ ዛሬም በየስልኩ ላይ ሞልተዋል፤ ጸጉራቸው ብቻ ነው የተለወጠው። አባቴ ሁለቱንም መጻሕፍት ለማየት ተውሰው ወደ ቤት ይዘው ተመለሱ።

በነጋታው መጻሕፍቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ለእናቴ ሲነግሯት ሰማሁ።

«የማላነበውን መጽሐፍ በምን ልምረጥ? በጠርዙ ነዋ። ጠርዙ የጠቆረ መጽሐፍ ሰው የተማረበት ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ማንም አልከፈተው፣ ወይ ከፍቶ ሸሽቶታል። ደግሞ መጥቆሩ ብቻ አይበቃም፤ እስከ...»

ዝናቡ ወረደ። እናቴ «አንቺ ጸሎት! ልብሱ!» ብላ ጮኸችብኝ። ወጥቼ የተሰጣውን ስሰበስብ የቀረውን ሳልሰማ ቀረሁ። ብሰማው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

የሰማሁትም ቢሆን አናደደኝ። ትንሿ ጠርዟ ቡና ይመስል ነበር፤ ትልቁ እንደ ወረቀት ነጭ። ስለዚህ አባባ የሞተችውን መጽሐፍ ሊሰጧት ነው። ማድ ቤት ገብቼ ሰሃን የምታጥበውን እህቴን እጇን ያዝኋት።

«እታለም፣ አባባ እንድትወድቂ ይፈልጋሉ።»

«ዝም በይ! አባባ እንዲህ አይባሉም።»

«እውነቴን ነው! ለየኔታ የሚያሳዩት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ለእማማ ሲነግሯት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሰሃኑ እጇ ላይ ቀረ፤ ውኃው ከክርኗ ይንጠባጠባል።

በሦስተኛው ቀን ጧት አባቴ ቅዳሴ፣ እናቴ ገበያ፣ ውዴ ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ነበሩ። የድስቱን ቂጥ ፍቄ ጥላሸት አወጣሁ፤ ከኑግ ዘይት ጋር መዳፌ ላይ አሸሁት። ከዚያ ትልቁን መጽሐፍ ከፍቼ ገጽ በገጽ፣ ጠርዝ በጠርዝ፣ ብዙ ሰው ያነበበው እስኪመስል በአውራ ጣቴ ቀባሁት። አንዳንዱን ገጽ እንደ ውሻ ጆሮ አጠፍሁት። አንዱ ላይ ምራቄን ተፋሁበት፤ ተማሪዎች ገጽ ሲገልጡ ጣታቸውን ሲልሱ አይ ስለነበር። መቶኛው ገጽ አካባቢ ስደርስ ጣቴ ዛለ፤ ጥላሸቱም አለቀ። መጽሐፉ ግን ገና ስምንት መቶ ገጽ ይቀረው ነበር። «በቃ፣ ይበቃል» አልሁ። እጄን በአመድ ታጥቤ መጽሐፉን ወደ ቦታው መለስሁ። በዓለም ላይ እንደ እኔ ብልህ ልጅ የለችም ብዬ አመንሁ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ባለንበት መረጡ። ትንሿን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ጠርዟን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዳሰሱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ትልቁን አነሡ። ጠርዙን አዩት። እንደገና አዩት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ቀና ብለው ውዴን ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ፈገግ አሉ፤ ሊናገሩ ከንፈራቸውን ከፍተው ተዉት።

«እንግዲህ» አሉ፤ ትልቁን በሁለት እጃቸው ሰጧት። «ይቅናሽ።»

ውዴ ተቀብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ፊቷ ልብስ ሲጨመቅ ውኃው እንደሚወጣ ቀለሙ ወጣ። ደስታ የሚያደነግጥ መሰለኝ፤ እኔም ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ አርባው ቀን ተጀመረ። በየጧቱ ውዴ ግሩም ማሠልጠኛ ትሄዳለች፤ ብቻዋን እንዳትሄድ እኔ አብሬያት። ማዕዘን ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጥቷታል። መጽሐፉ ገና በሦስተኛው ገጽ «ይህን እንደምታውቅ እገምታለሁ» እያለ ይጀምራል፤ የማታውቀውን እንደምታውቅ እየገመተ ዘጠኝ መቶ ገጽ ይሄዳል። ያንን የጻፈ ሰው ጀማሪ ሆኖ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እንዲሁ ከነመነጽሩ የተወለደ ነው። ውዴ የተባለውን ትጽፋለች፤ ማሽኑ ቀይ መስመር ያሰምርባታል። ታጠፋለች፤ ደግማ ትጽፋለች፤ ቀይ።

«ግሩም፣ ይሄ ምን ማለት ነው?»

«መጽሐፉ ላይ አለ እኮ ሲስተር። አንብቢው!»

«አነበብሁት።»

«ደግመሽ አንብቢዋ!»

ደግማ አነበበች። መጽሐፍ አልገባ ሲል በእኛ ቤት የሚታወቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ በቃል መያዝ። ትርጓሜው በኋላ ይመጣል፤ ቃሉ መጀመሪያ ይያዝ። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ውዴ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዳዊት እንደሚደግም ልጅ እየተወዛወዘች እንግሊዝኛውን በቃሏ ማጥናት ጀመረች። ቅንፉን ሳይቀር፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር። ስድሳ ሁለት ገጽ በቃሏ ያዘች! እናቴ ዕንባ ባቀረረ ዓይን ታያታለች። አባቴ በደጅ ሲያልፉ ቆም ብለው ይሰሙና «እየያዘችው ነው፣ ሸጊቱ» ይላሉ። ሰው ስድሳ ሁለት ገጽ ከያዘ ይገባዋል ብለው ያምኑ ነበር፤ እሳቸው የተማሩት እንዲያ ነው። ማሽን ግን በቃል የያዘን ሰው አያከብርም። ይህን የሚነግራት አንድ ሰው አልነበረም፤ ሊነግራት የሚገባው ሰው ጸጉሩን እያበጠረ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የዚያችን ትንሽ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ከቤተ መጻሕፍት ሊጣል ከተለየ ክምር ውስጥ አገኘኋት። ይዣት ዶርም ገባሁ። ከአንደኛው ገጽ ጀምሬ፣ እንደ ማላውቅ ሆኜ፣ ያለችኝን ብቻ ሠራሁ። ሦስት ቦታ ላይ የምትለው አዝራር ቦታውን ቀይሯል፤ ሌላው ሁሉ እንደ ነበረ ነው። በአራተኛው ቀን ስልኬ ጾመ ነነዌን ነገረኝ። አራት ቀን። ውዴ አርባ ቀን ነበራት። መጽሐፏን ግድግዳ ላይ ወረወርኋትና አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች አበደች አሉ።

ነሐሴ ዐሥራ ሰባት የኔታ መጡ። አባቴ ውዴን አስጠሯት።

«ልጄ፣ የምታሳዪኝ ነገር አለሽ?»

«የለኝም፣ አባባ።»

«ትንሽም ብትሆን?»

«የለኝም።»

«ጅምርም ቢሆን ግድ የለም። ያልተጨረሰም ቢሆን።»

«አባባ፣ ምንም የለኝም።»

ሦስቴ ሲጠይቋት በእንግዳ ፊት ሊያዋርዷት መሰለኝ፤ በልቤ ረገምኋቸው። ዛሬ ያንን ድምፅ ባሰብሁት ቁጥር የምሰማው ሌላ ነው። አባቴ ይለምኗት ነበር። አንዲት ነገር፣ ብልጭ የምትል ነገር፣ ለመምህራቸው «ልጄ ሥራ ይዛለች» የሚሉባት ምክንያት እንድትሰጣቸው ይለምኗት ነበር። እሷ ደግሞ አንገቷን ደፋች። የኔታ «እንግዲህ ፈቃዱ ነው» አሉ። ጥር ላይ ተዳረች፤ ጎርጎራ ወረደች።

«ባሏ እኮ ደግ ሰው ነው፤ ምን ጎደለባት?» የሚሉኝ አሉ። ደግ ነው፤ እመሰክራለሁ። ቄስ ጥዑመ ልሳን ሚስቱን ቀና ብሎ ሳያይ አያልፍም፤ ለልጆቹ አሣ የሚጠብስ ቄስ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ሲታጭም ከእሷ ያላነሰ ፈርቶ እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። ታዲያ የባል ደግነት ሴት ልጅ ከተነጠቀችው ነገር ላይ የሚቀነስ ነው? ይህን ሒሳብ ማን ነው ያስተማራችሁ?

የባሰው ግን ሌላ ነበር። ውዴ ከዚያ በኋላ ለአባቴ እንደ እንግዳ ሆነች። ለለቅሶና ለክርስትና ትመጣለች፤ ጉልበት ስማ «እንዴት ከረሙ?» ትላለች፤ ሻይዋን ሳትጨርስ መኪና ሊያመልጠኝ ነው ትላለች። አባቴም «ደኅና ግቢ» ይላሉ። ዐሥራ ሦስት ዓመት። ርቀቱ ነው አልን፤ ልጆቹ ናቸው አልን፤ መንገዱ ነው አልን።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አባቴ ዘንድ ነበርሁ። ዓይናቸው ሞራ ለብሶ አያነቡም። አንዱ ደውሎ ያንኑ ጥያቄ፣ ለጀማሪ የትኛው መጽሐፍ፣ ይለኛል፤ እኔም እጮኽበታለሁ። ስልኩን ስዘጋ አባቴ ከአልጋቸው ሳቁ።

«ምን ያስጮህሻል? ጠርዙን እይ አትይውም?»

«ጠርዙ የጠቆረውን?»

«መጥቆሩማ ብቻውን ምን ይሆናል። እስከ ምን ድረስ ጠቆረ ነው እንጂ! መጀመሪያው ጠቁሮ መጨረሻው ነጭ ከሆነ ተማሪውን መንገድ ላይ ጥሎታል ማለት ነው። እስከ መጨረሻዋ ገጽ እኩል የጠቆረ ያደርሳል። ያቺ ፕላስተር ያለባት እስከ መጨረሻው ጠቁራ ነበር። እሷን ልሰጣት ነበር እኮ ለውዴ።»

«ታዲያ ለምን...»

«ጥላሸት ቀብታው ነዋ!» አሁንም ይስቃሉ። «ያን ትልቁን። መቶ ገጽ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ማጀት ማጀት ይሸታል፤ ኑጉ ሳይቀር። ይህን ያህል ካማራትስ ብዬ ሰጠኋት። ልጄን አውቄብሻለሁ ብዬ ላሳፍራት? ዝም አልሁ። መምህር ነኝ ብዬ እኔ ልመርጥላት ይገባ ነበር፤ አንጀቴ አልችል አለ።»

ተከራክሬ የማልጠግብ ሴት ነኝ። ያን ሰዓት ግን ከአልጋቸው አጠገብ ተንበረከክሁ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አልሁ።

«ምኑን?»

«ጥላሸቱን። ውዴ አይደለችም፤ አታውቅም። እኔ ነኝ የቀባሁት።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። በመስኮቱ የሐይቁ ነፋስ ይገባል፤ ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉት።

«ታዲያ» አሉ፣ «እሷ የትኛውን ነበር የምትፈልገው?»

«አላውቅም።»

«ሂጂና ጠይቂያት።»

በስልክ የሚሆን ቢሆን በዚያው ሰዓት ይሆን ነበር። በግጭቱ ምክንያት ጎርጎራ ኔትወርክ ከተቋረጠ ወራት አልፎታል፤ መንገዱም ዝግ ነው። ስልክ ላይ የሚሠራ ነገር የምሠራ ሰው አንዲት ጥያቄ ለገዛ እህቴ ማድረስ አቅቶኝ ሁለት ወር ግድግዳ ስገፋ ከረምሁ። ጥር አጋማሽ ላይ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። በእንፍራንዝ አድርጌ፣ በየኬላው እየወረድሁ፣ እየተፈተሽሁ፣ በማግሥቱ ጎርጎራ ገባሁ።

ውዴ ግቢዋ ውስጥ ምንጣፍ ላይ በርበሬ አስጥታ ትለቅማለች። ተሳሳምን። ሳልቀመጥ ነገርኋት፤ ድስቱን፣ ዘይቱን፣ መቶኛውን ገጽ፣ አባባ ያሰቡትን፣ ሁሉንም። እጇ በርበሬ መልቀሙን አላቆመም።

«የትኛውን ነበር የምትፈልጊው?» አልኋት በመጨረሻ።

«ትንሿን።»

ከዚያ እጇ ቆመ።

«ሦስት ገጽ አነበብሁ፤ ሁሉም ገባኝ። ገብቶኝ ነው እኮ የሳቅሁት፣ ጸሎት! አባባ ሲያዩኝ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያይተናል። እንደወደድኋት አይተው ሌላውን ሰጡኝ። 'እንድትወድቂ ይፈልጋሉ' ያልሽኝ ልክ ነበርሽ አልሁ። እንደምወድቅበት እያወቁ፣ ፈገግ ብለው፣ 'ይቅናሽ' አሉኝ። ይህን ዐሥራ ሦስት ዓመት...» አልጨረሰችውም። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር፣ የተቆጣ ዓይን። «ትንሿን ሊሰጡኝ ነበር?»

«ትንሿን።»

«እና አንቺ!»

«አዎ።»

የምትመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ተነሣች። የበርበሬውን ብናኝ ከቀሚሷ አራገፈች።

«መንገዱ እስከ መቼ ነው ክፍት?»

«አይታወቅም። ነገ ሊዘጋ ይችላል።»

«ቄስ!» ብላ ወደ ቤት ጮኸች። ጥዑመ ልሳን ብቅ አለ። «ባሕር ዳር ልሄድ ነው። አባባ ጋ።»

«ዛሬ? ደኅና ናቸው?» ወደ እኔ ዞረ። ውዴ ጫማዋን እየቀየረች ነበር።

«ልብስ ልያዝልሽ» አልኋት። «አብረን...»

«አንቺ የትም አትሄጂም። ልጆቹን ጠብቂ። በርበሬውን አገላብጪ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ መካከላችን ገብተሽ አልበቃሽም?»

ሚኒባሱ እስኪነሣ በመስኮት አላየችኝም። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ። ውዴ አባቷ ዘንድ ቀረች፤ እኔ ጎርጎራ። አገር ሁሉ ይከፈት ብሎ ይለምናል፤ ጥዑመ ልሳን በየቅዳሴው ይለምናል፤ መድኃኒት ያለቀበት አለ፣ ለቅሶ የቀረ አለ። እኔም ስለ ተዘጋው መንገድ እስከ ዛሬ የተሳደብሁትን ሁሉ እደግመዋለሁ፤ ከተናገርሁት አንዲት ቃል አላነሣም። ግን ማታ ማታ የውዴ ትንሿ ልጅ እጄን ይዛ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ስትለኝ፣ ሁለቱ እዚያ ዓይን ለዓይን ተያይተው ተቀምጠው እንደሆነ እያሰብሁ፣ የሰውን ሁሉ መከራ እያወቅሁ፣ አንድ ሳምንት ብቻ፣ አንዲት ሳምንት እንደ ተዘጋ ይቆይላቸው እል ነበር።